ላይ ቤት፣ ታች ቤት

ሥራዬ ንባብ ነው፤ ብራና ግን አልገልጥም፤
ፊደሌ ስድስት ቁጥር ነው፣ ከዚያ ወዲያ አይበልጥም።
በየግቢው እገባለሁ፣ የብረት ክዳን አነሣለሁ፣
ጉንዳንና ጭቃ ጠርጌ መርፌዋን አያለሁ።
አሥራ አራት ዓመቴ። ጎንደርን የማውቃት ከአፈር በታች፤
ግንቧን ለአስጎብኚ ሰጥታ ለእኔ ቧንቧዋን አወጣች።

ከላይ፣ ከኮረብታው አናት፣ ባለ አራት ፎቅ ቤት ቆሟል፤
በሩ ላይ አዛናው፣ የጭልጋው፣ ዱላ ታቅፎ ተቀምጧል።
«ቀስ ብለህ ርገጥ» ይለኛል፣ «ሣሩ እንዳይነቃ።»
ሣሩ ይተኛል፤ ሲመሽ ሲነጋ ይጠጣል እስኪበቃ።
ውሻው ይታጠባል፣
መኪናው ይታጠባል፣
መኪናው የቆመበት ድንጋይ እንኳ ይታጠባል።
ጣሪያው ላይ ሦስት ሮቶ ሆዳቸውን ነፍተው
ቁልቁል ያዩናል፣ እንደ ዳኛ ተደርድረው።
ቀይዋ መርፌ እንደ ሰርገኛ ትሽከረከራለች።
ጀሪካኑ ሲሰላ ሃምሳ ሳንቲም ነው።
አዛናው የሚጠጣውን ከቤቱ በሃይላንድ ይዞ ይመጣል።
ለምን አልልም፤
ይኸ ቁጥር አይደለም፣ አይመዘገብም።

ቀሃን ተሻግሬ ስወርድ ኮብሉ ያልቃል፤ ቁልቁለቱ አያልቅም፤
ቆርቆሮ በቆርቆሮ ተደግፎ ማን ማንን እንደያዘ አይታወቅም።
አሥራ አንድ አባወራ፣ አንድ ቆጣሪ።
አንጓች እዚህ ናት፤ የሰው አንሶላ አጣቢ፣
የራሷን ነጠላ ለበዓል አሳዳሪ።
እጇ እንደ ወንዝ ድንጋይ ተልጦ ነጥቷል።
ልጇን ጥጋቡ አለችው። ስትጠራው ጎረቤት ይስቃል፤
እሷም ትስቃለች፦ «ምን ይደረግ፣ ስሙ እንኳ ይጥገብ እንጂ!»

ውሃው በፈረቃ ነው፤ ፈረቃውም በፈረቃ።
በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣
ቧንቧው ያስነጥሳል።
ሰፈር ይነሣል፣ ጀሪካን ይንጋጋል።
መጀመሪያ የሚመጣው ግን ውሃ አይደለም፤
ነፋስ ነው።
ነፋሱ ሲያልፍ ቆጣሪው ይዞራል፤
ብረት ነውና አይለይም፣
ያለፈውን ሁሉ «ውሃ» ብሎ ይቆጥራል።
እኔም «ውሃ» ብዬ እጽፋለሁ።
አንጓች ትከፍላለች፣
ለነፋስ።

የጎደላትን ከባለ አህያው ትገዛለች፣
አንዱን ጀሪካን በአሥራ አምስት ብር።
አንድ ቀን በደብተሬ ጀርባ አሰላሁት፦
ላይ ሃምሳ ሳንቲም፣ ታች አሥራ አምስት ብር፤
ሠላሳ እጥፍ።
ደገምሁት። ሠላሳ።
ለኃላፊዬ አሳየሁት፤ መነጽሩን አወለቀ፤
«አንተ አንባቢ ነህ» አለኝ፣ «ተርጓሚ አይደለህም።»

ሳቅሁ፤ አባቴ ትዝ ብሎኝ።
እሱ ጎንደር የመጣው ለትርጓሜ ነበር፣
ኮቾሮ በአኩፋዳ ይዞ፣ ውሻ እየተከላከለ።
የላይ ቤት አለ፣ የታች ቤት አለ፣ ይለን ነበር፤
ንባቡ አንድ ነው፣ ፍቺው ነው የሚለያይ።
ዛሬ ቢነሣ እጁን ይዤ እዞር ነበር፦
አባ፣ ላይ ቤት ያውልህ፣ ሣሩ የሚተኛበት፤
ታች ቤት ይኸውልህ፣ ሰው ሌሊት የሚነቃበት፤
ንባቡ «ውሃ» ይላል።
ፍቺውን አንተ ንገረኝ።

በዓመት አንድ ጠዋት፣ ጥር አሥራ አንድ፣
የፋሲል መዋኛ ሞልቶ ይባረካል፤
ያን ቀን ቆጣሪ የለም።
ጥጋቡ ከነሱሪው ዘሎ ገባ፤
የባለ ፎቁም ልጅ ዘሎ ገባ።
ራሳቸው ብቻ ከውሃው በላይ ሲታይ
የቱ የማን እንደሆነ ጠፋኝ፤
እኔ፣ ቁጥር የማይጠፋኝ።
ሲወጡ ነው የለየሁ፦
አንዱን ፎጣ ዘርግተው ጠበቁት።
ጥጋቡ ፀሐይ ፍለጋ ሄደ።

በዚህ ወር ስገባ
አንጓች ክዳኑን ራሷ አንሥታ ጠበቀችኝ።
«ምን ይላል?» አለች።
ቁጥሩን ነገርኋት።
«እሱንማ ሰማሁ» አለች፣ «ምን ይላል?»
እርሳሴን ይዤ ቆምሁ።
ከቧንቧው ጉሮሮ አንዳች ነገር አስነጠሰ፤
ጥጋቡ ጀሪካን አንሥቶ ሮጠ፤
ቀይዋ መርፌ
መዞር ጀመረች።